እትዬ ማንጠግቦሽ ቃል ስትመርጥ

የእትዬ ማንጠግቦሽን መሞት የሰማሁት ከበሶው በኋላ ነው። አጎቴ ፈንታሁን ለጉዳይ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ እናቴ የላከችልኝን በሶ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲያስረክበኝ መጀመሪያ ስለ በሶው ነገረኝ፤ ገብሱ የዘንድሮ መሆኑን፣ ጨው እንደገባበት፣ ለጓደኞቼ አብዝቼ እንዳልበትን። ቀጥሎ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ ደፋና፣

«ያቺ ጎረቤታችሁ፣ አልቃሿ፣ ባለፈው ሳምንት ተቀበረች» አለኝ።

ዘመዴ ስላልሆነች መርዶ የሚባል ነገር የሚያስፈልጋት አልመሰለውም።

«ማን አለቀሰላት?» አልሁት።

«እሱ ብዙ ነገር አለው። እሑድ ስሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ ትሸኚኝ የለ? ያኔ እነግርሻለሁ» ብሎኝ ሄደ።

በዚያው ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህራችን ከጃፓን ቋንቋ የተተረጎመ አንድ አጭር ታሪክ አነበበልን። ታሪኩ ስለ አንድ ደራሲ ነው። ሚስቱ ሞታበት በዝናብ ቀብሯት ሲመለስ፣ ዝናቡ በለቀስተኛው ጃንጥላ ላይ የፈጠረው ቀለም ዐይኑን ይይዘዋል። መንገዱን ሁሉ ለዚያ ቀለም የሚሆን ቃል ሲፈልግ ይሄዳል። ምን እያደረገ እንደሆነ ሲታወቀው በራሱ ያፍራል። ግን ቃሉን አግኝቶታል። ቤቱ ገብቶ ይጽፈዋል፤ ማፈሩንም ጨምሮ ይጽፈዋል። ታሪኩ በዚህ ያልቃል።

መምህራችን «ይህ ሰው ሚስቱን ይወዳት ነበር?» ብሎ ጠየቀን።

አንዱ ተማሪ ብድግ ብሎ፣ «እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ደራሲው የፈጠረው ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ቢኖርም እኛ አገር አይኖርም። እኛ ስናለቅስ እናለቅሳለን እንጂ ቃል አንመርጥም» ሲል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ እጄን አላነሣሁም። የማውቃትን ሴት በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም። አሁን በአማርኛ ልሞክር።

ቤቷ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ነበር፤ ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። ሥራዋ ማልቀስ ነበር። በአገራችን ሰው ሲሞት አልቃሽ ይጠራል፤ አልቃሿ ስለ ሟቹ ሙሾ ታወጣለች፣ ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ከማርቆስ እስከ ሉማሜ፣ በሌላው ወገን እስከ ቁይ፣ ሰው ሞቶበት «ማንጠግቦሽ ትምጣ» ያላለ ባለጸጋ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አንቱ የሚላት አንድ ሰው አላውቅም። ሰው ሲሞትባቸው ይፈልጓታል እንጂ ሠርግ ላይ ከፊት አያስቀምጧትም። ይህን ስጀምር እኔ ልጅ ነኝና አንቱ ልበላት ብዬ ነበር፤ ጥቂት እንደጻፍሁ ሌላ ሴትዮ ሆነችብኝ። ስለዚህ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እንደ ሰፈራችን ሰው አንቺ በሚባልበት ወግ እቀጥላለሁ።

ረጅም፣ ደረቅ ያለች፣ እጇ እንደ ወንድ እጅ የሰፋ ሴት ነበረች። ሰው ስታይ አንገቷን ወደ ቀኝ ጣል አድርጋ ነው። ቃል ስትፈልግ ደግሞ የታችኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ይህን ምልክት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ፊት ቁማ አውራ ጣቷ ወደ ከንፈሯ ከሄደ ያ ሰው ያማትባል፤ ሙሾውን እየሰፋችለት ነዋ!

«ምን ታይኛለሽ? ገና አልሞትሁም እኮ!» ይላት ነበር አናጢው ጎረቤታችን አያ ተገኘ።

«አትቸኩል አያ ተገኘ። ላንተ ገና ምንም አላገኘሁም። እስኪ መጀመሪያ ትንሽ ደግ ነገር ሥራ።»

እንባ ስታይ ብዙም አይደንቃት። «እንባ ርካሽ ነው፤ ሽንኩርትም ያስለቅሳል» ትላለች። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ጭሰኞቹን በማስጨነቅ የታወቀ ባለርስት ሞተና ተጠራች። ቤተ ዘመዱ ከበዋት «ጀግንነቱን ንገሪልን፣ ቸርነቱን ንገሪልን» አሏት። ሰማቻቸውና ወደ ጓሮ ዞራ የቤቱን ገረድ «ጌታሽ የሚወደው ምን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ገረዷ ግራ ገብቷት፣ ጠዋት ጠዋት ለውሻው ቁራሽ ይጥልለት እንደነበር ነገረቻት። እትዬ ማንጠግቦሽ ለቅሶው መካከል ገብታ እንዲህ አለች፦

ውሻው ደጅ ደጅ ያያል ቁራሹን ለምዶ፣
ለእሱስ ማን ይንገረው ጌታው ቀርቷል ሄዶ።

ለይምሰል የመጡት ጭሰኞች ሳይቀሩ አለቀሱ። እናቴ በኋላ «ለዚያ ጨካኝ እንዴት አስለቀስሽን?» ብላ ብትቆጣት፣ «ለእሱ ማን አለቀሰ? ሰው የሚያለቅሰው ለሄደው አይዶለም፤ ለሚጠብቀው ነው። እኔ ውሻውን አየሁት፤ ለውሻው አለቀሳችሁ» አለቻት።

ስለ ራሷ ባል ሞት ስታነሣ የሚቆጫት ሌላ ነበር። «ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርሁ። ሙሾው አላማረም፤ ቤት መምታት እንኳ በቅጡ አላውቅበት» ትል ነበር፣ ወጧ ጨው እንደበዛባት ሴት እያዘነች። እናቴ ትስቃለች። እኔ አልስቅም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አንድ ቀን ደግሞ ከእናቴ ጋር ጥጥ እየፈተሉ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃት እንዲህ አለች፦

«አበቡ፣ እኔ ሁለት ሴት ነኝ። አንዷ ታለቅሳለች። አንዷ አጠገቧ ቁማ ታያታለች። ያለቀሰችቱ ስትደክም፣ የምታየው ‘ይህቺን ነገር ድገሚያት፣ አምራለች’ ትላታለች።»

«ንስሐ ግቢ» አለቻት እናቴ።

«ገባሁ እኮ። ለመምሬ ስነግራቸውም ያቺ ትቆምና ታየኛለች።»

አንድ ልጅ ነበራት፤ ስንሻው ይባላል። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እህል ጭነው አባይን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ። ሳቂታ ነበር፤ ሲመለስ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከረሜላ ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም። እናቱ ለሥራ ስትጠራ «እማ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሳምሪ ነው?» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ ስታየው ግን አውራ ጣቷ ወደ ከንፈሯ ሂዶ አላየሁም። በዓለም ላይ እሱን ብቻ ሳትለካ ታየው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ መኪናው አባይ በረሃ ገደል ገባ። ከተሳፈሩት የተረፈ አልነበረም፤ መኪናው ስለተቃጠለ ማን ማን እንደሆነ መለየትም አልተቻለም። ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው መርዶ ነገሯት። ያን ጠዋት በአጥሩ በኩል የሰማነው ድምፅ ሙሾ አልነበረም። የሰው ድምፅም አይመስልም ነበር። እስከ ቀትር አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም።

አስከሬን ስላልነበረ ከሰዓት በኋላ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው ወደ ለቅሶው ሜዳ አወጡት፤ የእሑድ ኮቱን፣ ነጭ ሸራ ጫማውን። ሁሉም እሷን ያያል። አልቃሽ ለራሷ ልጅ ታወጣለች ወይስ ሌላ ትጠራለች? ተነሣችና ወደ መካከል ገባች። ለቀስተኛው «ስንሻው ወዬ፣ ስንሻው ወዬ» እያለ ተቀበላት። እንዲህ አለች፦

ስንቱ ወንዝ ሲገባ ሆዱ ያልጠገበ፣
አባይ ልጄን ብሎ ከቤቴ ቀረበ።

ሕዝቡ ሊቀበላት ደረቱን ሲመታ እጇን አነሣች። ሜዳው ጸጥ አለ። እንባዋ እየወረደ፣ አውራ ጣቷ ወደ ከንፈሯ ሄደ። «አይዶለም» አለች፤ ለማንም አልነበረም። ከዚያ ደግማ አወጣችው፦

ስንቱ ወንዝ ሲገባ ሆዱ ያልጠገበ፣
አባይ ለአንድ ጠብታ ከደጄ ቀረበ።

«ልጄን» የሚለውን አውጥታ «ጠብታ»ን፣ «ቤቴ»ን አውጥታ «ደጄ»ን አስገባች። ሜዳው በጩኸት ተነሣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላየሁም፤ ትልልቅ ወንዶች መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሲመለሱ ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሾካሾኩ ነበር፤ «አያችኋት? በልጇ ለቅሶ ላይ ቃል ትመርጣለች!» ይባባላሉ። ይህን የሚሉት ራሳቸው፣ ማታ እሳት ዳር ሁነው ያንኑ ሙሾ እያንጎራጎሩ ነበር፤ ሁለተኛውን እንጂ የመጀመሪያውን ማንም አልያዘውም።

ሙሾው ተስፋፋ። ወፍጮ ቤት ተሰማ፣ ገበያ ተሰማ፣ ለሌላ ሰው ለቅሶ እንኳ የስንሻው ስም እየተለወጠ ይወጣ ጀመር። እትዬ ማንጠግቦሽም በየሄደችበት «የልጅሽን፣ የልጅሽን» ይሏታል። ዓመት ሊሞላ ሲል ስንሻው መጣ።

በሕይወት ነበር። በዚያ ቀን ደጀን ላይ ከሾፌሩ ጋር ተጣልቶ፣ ሾፌሩ በጥፊ ቢመታው ወርዶ ቀርቷል። በእሱ ቦታ አንድ የመንገድ ልጅ ለምኖ ተሳፈረ። ስንሻው በንዴቱ በሌላ መኪና አልፎ ሂዶ ሸንኮራ እርሻ ተቀጠረ፤ ልብስ ገዝቶ ደኅና ሰው ሁኖ እስኪመለስ ድረስ ወሬውን ላለመላክ እልህ ያዘው። የመኪናውን መገልበጥም አልሰማም ነበር።

በኋላ እኛ ቤት ተቀምጦ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ሲቆም ወርዶ ሻይ ቤት ገባ። አንዲት ልጅ ብርጭቆ እያጠበች ታንጎራጉራለች፤ «ስንሻው ወዬ» ትላለች። ጆሮውን ሰጣት። አንጀቱን በላው።

«የማን ልጅ ነው ይኸ ሟቹ?» አላት።

«የማርቆሷ አልቃሽ ልጅ ነዋ። አባይ ነው የበላው። አልሰማህም እንዴ? ከየት አገር ነህ?»

«እትዬ አበቡ፣ ሙት ብዬሽ ነው» አላት ለእናቴ፣ «መጀመሪያ እንባዬ መጣ። ከዚያ ነው እኔ መሆኔ የገባኝ።»

ሲመጣ እናቱ ደጅ ተቀምጣ ነበር። የአጥሩ በር ላይ ሲቆም አይታው ተነሣች፤ ወደቀች፤ እየዳኸች ሂዳ እግሩን ያዘች። ጆሮውን፣ ትከሻውን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ያን ቀን አንዲት ያማረች ቃል ከአፏ አልወጣችም፤ «እህ፣ እህ» ብቻ ነበር። በልጇ ትጨክናለች የሚሉ ሰዎች ይህንንም እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የስንሻው መከራ የጀመረው ከደስታው ማግሥት ነው። ሰፈሩ «ሙቴ» አለው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እያደር ስሙ ሆነ። ወደ ሥራው ሊመለስ ቢል ሾፌሮቹ አልወስድህም አሉት። «ሙሾ የወጣለትን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ አባይን አልወርድም» ይላል አንዱ። «አባይ ስሙን ሰምቷል፤ ቀሪ ዕዳ አለብኝ ብሎ ቢጠብቀውስ?» ይላል ሌላው። ታጭታለት የነበረችውንም ልጅ አባቷ «ለቅሶውን የደረስሁትን ሰው አማች አላደርግም» ብሎ ለሌላ ዳራት። በየሄደበት ሙሾው ቀድሞት ይደርሳል። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ዐይኑ እንባ ያቀራል፤ እንባው ለእሱ ሳይሆን ለሙሾው ነው።

በመጨረሻ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ የሠራሽውን አንቺ አፍርሺው» አላት። የንስሐ አባቷን መምሬ ጥበቡን አመጣባት። እናቴም እኔም እዚያው ነበርን።

«ሕዝብ ሰብስበሽ፣ ያ ሙሾ ውሸት ነበር ብለሽ በአፍሽ ካጂው» አሏት መምሬ።

«ውሸት አልነበረም፣ አባቴ።»

«ልጅሽ ይኸው ተቀምጧል! እንዴት ነው ውሸት ያልሆነ?»

«በእሱ ቦታ የተቀመጠው ልጅ ማነው? ስሙን የሚያውቅ አለ? እናቱ የት ናት? ያ ልጅ እዚያ ገደል ውስጥ ነው። የልጄን ስም ተውሶ ተለቅሶለታል። ከእሱ ላይ ልግፈፈው?»

ስንሻው መምሬን ቀደማቸው። «እማ፣ እሱ ሙቷል፤ አይሰማሽም። እኔ ነኝ የምሰማሽ» አላት። እትዬ ማንጠግቦሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከነጠላዋ ሥር፣ «እሺ ልጄ። አፈርሰዋለሁ» አለች።

ጠላ ተጠመቀ፣ ድግስ ተደገሰ። ሰፈሩ ተጠራ፤ ሾፌሮቹም ተጠሩ። ከሾፌሮቹ ዋናው ካሳ የሚባል ወፍራም ሰው ነበር፤ በሰው ፊት «ማንጠግቦሽ ራሷ በአፏ ካፈረሰችው እኔ ነኝ ይዤው የምወርድ፤ ነገ ጭነት አለኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ስንሻው ሸራ ጫማውን በኖራ አንጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል። እንደዚያ ሲስቅ ከተመለሰ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ ተነሣች። «ጎረቤቶቼ» አለች፣ «ልጄ አለ። ይኸው እዩት፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ያን ጊዜ ያወጣሁት ሙሾ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል። ከእንግዲህ ያንን ሙሾ የሚል...»

አቆመች። ልጇን አየችው። አንገቷ ወደ ቀኝ ጣል አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ «ተይ ማንጠግቦሽ፣ ተይ እባክሽ» ስትል ሰማኋት። አውራ ጣቷ ቀስ ብሎ ወደ ከንፈሯ ሄደ፤ ስንሻውን እንዲያ ስታየው ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ መጣ፦

አባይ እንኳን ምሮ መለሰልኝ ልጄን፣
ሰው በቁሙ ቀብሮ አጨለመው ደጄን።

መጀመሪያ አያ ተገኘ አናጢው ጮኾ አለቀሰ። ሴቶቹ ተቀበሉት። ነገሩ እውነት ነበር፤ ሁላችንም አድርገነዋል፣ ስለዚህ ሁላችንም አለቀስን። ካሳም አለቀሰ። ሲበቃው ግን ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣና ለስንሻው «ወንድሜ፣ አሁንማ ሙሾህ ሁለት ሆነ፤ ጨርሶ አይሆንም» ብሎት ወጣ።

ስንሻው አላለቀሰም። ለቅሶው ሲበርድ «ልትጨርሺው ነበር እኮ፣ እማ። አንዲት ቃል ነበር የቀረችሽ» አላት። በማግሥቱ አገር ለቆ ሄደ። በእግሩ ነው የሄደው።

ሰዎቹ ሲበተኑ እናቴ ለእትዬ ማንጠግቦሽ ጠላ የተደፋበትን መደብ እየጠረገችላት፣ «ልጅሽ ነው እኮ! ልጅሽ! እንዴት አልዋጥሽውም?» አለቻት።

«ዋጥሁት፤ አልዋጥ አለኝ። ምን ላድርግ አበቡ? መጣብኝ።» ደግሞም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን... አምሮ ነበር አይዶል?» አለች።

እናቴ አልመለሰችላትም። አምሮ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ዝናዋ እስከ ደብረ ወርቅ ደረሰ፤ በበቅሎ እየላኩ ይወስዷት ነበር። ሁለቱንም ሙሾ አንዱን ከሌላው እያስከተለች ታወጣለች፤ ከዚያ ወዲህ የተሻለ አላወጣችም ይላሉ። ቤቷ ስትመለስ ግን የአጥሩ በር ላይ ቁማ መንገዱን ታያለች። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ አንዳንዴ ታስቆመኝና «ጥሩዬ፣ ፈረንጆቹ ሙሾ አላቸው?» ትለኝ ነበር።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እና ምኑን ነው የሚያስተምሩሽ?»

ለዩኒቨርሲቲ ልሄድ ስሰናበታት ከእንጨት ሳጥኗ የስንሻውን ነጭ ሸራ ጫማ አውጥታ በፀሐይ እያሰጣች ነበር። እንዳይሻግት ነው አለችኝ። ቢመጣ የሚጫማው እሱን ነው ብላ ታምን ነበር፤ ሲሄድ ኖራ እንደተቀባ ትቶት ነበርና። ሳመችኝ፤ አንገቷን ጣል አድርጋም አየችኝ። እንደ ሌላው ሰው ላማትብ አሰብሁ፤ አፈርሁና ተውሁት።

እሑድ አጎቴን ልሸኝ አውቶቡስ ተራ ሄድሁ። ሻንጣውን ጣሪያ ላይ አሳስሮ ሲጨርስ «ንገረኝ» አልሁት።

«ስንሻው መጣ» አለኝ። «ማን እንደነገረው እንጃ። ቀጥኗል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። መቃብሩ ራስጌ ቁሞ፣ ‘እናቴን በሙሾ የሚያለቅስ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ደም ይቃባል። ማንም አንዲት ቃል እንዳያወጣ’ አለ። ከቁይም ከሉማሜም አልቃሾች መጥተው ነበር፤ ስሟን ፈርተውም ነው መሰለኝ በመከልከላቸው ደስ አላቸው። እና ዝም ብለን ቀበርናት። በአገሩ አልቃሽ የሌላት እሷ ብቻ ሆነች።»

«ይኸው ነው?»

አጎቴ ወደ አውቶቡሱ በር አየ። «አይዶለም። አፈሩ ሊመለስ ሲል እሱ ራሱ አፉን ከፈተ። ያውቅበታል እንዴ? አያውቅበትም። ተንተባተበ። ቤቱም አልመታ፣ ግራ ገባው። ግን ከሆዱ ነበር ልጄ፤ ያየው ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል አንዷ ቃሉን አቃናችለት።»

«ምን አደረገችለት?»

«አቃናችለት ነው የምልሽ። እሱ እንዲህ ሊል የፈለገ መስሏት ይሆናል፤ ለምዶባትም ይሆናል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወጣችው፤ ሕዝቡ ተቀበላት፦

ያለውን ቃል ሁሉ ለኔ ሞት ጨርሰሽ፣
ለራስሽ ቀን እማ ምን ይዘሽ ደረስሽ?

ለቅሶ ያን ጊዜ ሆነ። ስንሻው ግን ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም። ሴትዮዋን ብዙ ቁሞ አያት። ከዚያ አፈሩ ሳይደለደል ዞሮ ሄደ።»

«ማን ናት ሴትዮዋ?»

አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ ደፋ። «እናትሽ ናት» አለኝ።

ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ የቀራችሁ!» እያለ የአውቶቡሱን ጎን ይደበድባል። አጎቴ ወጥቶ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ምን ብሎ ነበር?» ብዬ ጮኽሁ። «ስንሻው ራሱ፣ ከመቃናቱ በፊት?»

ግንባሩን ይዞ አሰበ። በእውነት ሊያስታውስልኝ ሲታገል ይታየኝ ነበር። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣

«ጠፋኝ ልጄ!» አለኝ። «ሁሉም የያዘው የእናትሽን ነው። ስመጣ ሉማሜ ላይ እንኳ የሻይ ቤቷ ልጅ እሱን ስትል ሰምቻለሁ።»

ክረምት ላይ አገር ስገባ እናቴን እጠይቃታለሁ። እሷም የምታስታውሰው አይመስለኝም።